የማይታረሰው ማሳህ

ውድ ሙባሪክ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንተን ምን ብዬ ልጠይቅህ? የራሴን ልንገርህና ይብቃን። ደህና ነኝ። ሰው ሁሉ ደህና ነሽ ወይ ይለኛል፣ እኔም ደህና ነኝ እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሶላቴን በሰዓቱ እሰግዳለሁ። ምን እንደምበላ ግን አላውቅም። የወንድምህ ሚስት አሚኔ አንድ ቀን «ጎመኑ ጨው በዝቶበት ነበር፣ አውፍ በይኝ» ስትለኝ ነው ጎመን መብላቴን ያወቅኩት።

የምጽፍልህ ማሳህ ላይ ስለሆነው ነገር ነው። ሌላ ሰው አይነግርህም፤ የሚነግርህ ቢኖርም ለራሱ እንደሚመቸው አዙሮ ነው።

ከቡታጅራ ገበያ ስትመለስ ባጃጇ የተገለበጠች ዕለት ስንዴህ ቢጫ መምሰል ጀምሮ ነበር። ወንዶቹ ወስደው ቀበሩህ፣ እኔ ቤት ቀረሁ። ከዚያም ኢዳ ተቀመጥኩ። አራት ወር ከአስር ቀን ከቤት አለመውጣት እንደዚህ ቀላል መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? ሌሎቹ ሴቶች ሲከብዳቸው አይቻለሁ። እኔ ግን አንድ ሰው በሩ ጋ አስቀምጦ የረሳኝ ዕቃ ሆኜ ተቀመጥኩ። ቤቱን ስንሠራ በሩ ወደ መንገዱ ይሁን፣ ሰው ሲያልፍ ልይ ብዬህ ነበር። አንተ ደግሞ ሰብሌን ቁጭ ብዬ ልየው ብለህ ወደ ማሳው አዞርከው። ቁጭ ብዬ ያየሁት እኔ ሆንኩ።

የዚያ ማሳ ነገር የተጀመረው ከኔ እንሰት ሥር እንደሆነ ታስታውሳለህ? ከጓሮ አንድ እፍኝ አፈር፣ ከማሳው አንድ እፍኝ አፈር አምጥተህ ገና ጠርጌ ያልጨረስኩት ወለል ላይ ዘረገፍከው። ተቆጣሁህ። አንተ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ አንዱን እየጨመቅክ፣ አንዱን እየፈረፈርክ፣ ያንቺ ጥቁር ሆኖ የኔ ለምን ቀላ አልከኝ። ለእንሰቱ ምን ታደርጊለታለሽም አልክ። ምን አደርግለታለሁ፣ እበት እሰጠዋለሁ፣ ቅጠሉን ከሥሩ እተውለታለሁ፣ በሬም አላስገባበትም አልኩህ። እንድትነሳልኝ ብዬ ነው እንጂ ትምህርት ልሰጥህ አልነበረም። አንተ ግን በዓመቱ ማሳውን እንደ ጓሮ ልትይዘው ተነሳህ።

ማረስ ተውክ። አገዳውንም ጭዱንም መሬቱ ላይ አልብሰህ፣ በመሀሉ በሾለ እንጨት እየወጋህ ዘራህ። በበቆሎው መሀል አደንጓሬ ገባ፣ ስንዴው ሲነሳ ሽምብራ ተከተለ። ማዳበሪያ ከመግዛት ይልቅ ከእበት፣ ከአመድና ከቅጠል ጉድጓድ ውስጥ ኮምፖስት ታበስል ጀመርክ፤ ነፋሱ ወደ ቤት ሲዞር ምሳ የምንበላው አፍንጫችንን ይዘን ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት አረም በላን። ሁለተኛውም አላማረም። ሰው የሰነፍ እርሻ ሲል ሳቀብህ፣ ሙባሪክ ስንዴ ትቶ ትል ያረባል አሉ። እውነት ለመናገር ትሉ ቶሎ ነው የመጣው፤ እህሉ ነው የዘገየው። በኋላ ግን ክረምት ሲገባ የሁሉም ማሳ አፈር ቀይ ውሃ ሆኖ ወደ ወንዙ ሲሄድ፣ ያንተ ባለበት እንደሚቆም እኔም አየሁ።

ወንድምህ ሸረፋ ግን እንደ ሌላው ስቆ አላለፈም። እሱ የተቀየመው በቁም ነገር ነው። አባታችሁ ሲሞት ለያንዳንዳችሁ አንድ አንድ በሬ ቀረላችሁ፣ ሁለቱን እያቀናጃችሁ ያንተንም የሱንም ማሳ በአንድ ቀንበር ታርሱ ነበር። አንተ ማረስ ስትተው በሬህን ሸጥክ፤ የሱ በሬ ብቻውን ቀረ። ታላቅ ወንድም ሆኖ ከጎረቤት ከባልቻ ጋር ማቀናጀት ግድ ሆነበት። ባልቻ መልካም ሰው ነው፣ ነገር ግን ወንድም እያለ በጎረቤት በሬ ማረስ ምን እንደሚያስብል አንተም ታውቃለህ።

በዚያ ላይ ማሳህን ዘጋህ። እዚህ አገር ሰብል እስኪነሳ ማሳው የባለቤቱ ነው፣ ከተነሳ በኋላ ግን የሁሉም ከብት ነው። ማንም የማንንም አያስፈቅድም፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። አንተ ቅሪቱ ለመሬቱ ነው ብለህ ዙሪያውን እሾህ አጠርክ። የሸረፋ ላሞች አጥሩ ጋ ቆመው ወደ ውስጥ ሲያዩ እኔ ራሴ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችሁ የዒድ ብቻ ሆነ። ለአጨዳ ደቦ ስትጠራ የሚመጣው እየቀነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ እኔና አንተ፣ ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ እረፍት ስታገኝ ደግሞ ልጃችን ሂክማ፣ ሦስታችን ብቻ አጨድን።

ሰው ካልሞተ አይመሰገንም ይባላል። ስትሞት ሁሉም መጣ። ስንዴው የደረሰ ጊዜ ሳልጠራቸው ደቦ ወጡ፤ ከፊት የነበረው ሸረፋ ነው። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። አንተ ከጉልበት ላይ ነበር የምታጭደው፣ እግሩ ቆሞ እንዲቀር። እነሱ ከሥሩ አጨዱት። ደግመው ቃረሙት፣ ማሳው የተላጨ ራስ መሰለ። ጭዱን አምጥተው ከቤቱ ጎን አሳምረው ከመሩልኝ፣ ለከብት ይሆንሻል፣ ትሸጪዋለሽም አሉኝ። እህሉን ጎተራ ድረስ አስገቡልኝ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ብለው ሄዱ። አላህ ይስጥልኝ አልኩ። ከልቤም ነበር፤ ልቤ ውስጥ ምን እንዳለ ባላውቅም።

እሾሁን አጥር ያነሳው ማን እንደሆነ አላየሁም። በማግሥቱ ከብቶቹ ማሳው ውስጥ ነበሩ። አሚኔ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ይኸው መሬቱ እንደ ሰው መሬት ሆነ፣ ነገርም በረደ አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። እሷ ኢዳ ከተቀመጥኩ ጀምሮ አንድም ቀን አልቀረችብኝም፤ ውሃ የቀዳችልኝ፣ ልብስ ያጠበችልኝ እሷ ናት። ምን ልበላት? ማሳውን ሳይ ምንም አልተሰማኝም። ላሞቹን እንኳ የትኛዋ የማን እንደሆነች እየለየሁ ስቆጥር ነበር የዋልኩት።

የካቲት ሲገባ አሚኔ ሌላ ወሬ ይዛ መጣች። ሸረፋና ባልቻ በሬዎቻቸውን አቀናጅተው መጥተው ማሳውን ለበቆሎ ሊያርሱልኝ ነው። ከዚያ ወዲያ ሸረፋ በእኩል ያርሰዋል፣ ማዳበሪያውንም ዘሩንም እሱ ይችላል፣ እኔ ቁጭ ብዬ ግማሹን እቀበላለሁ። ባል ለሌላት ሴት ከዚህ የተሻለ ምን አለ? እኔም የተሻለ አላየሁም። እሺ አልኩ፤ ራሴን ነቅንቄ። ያን ሰሞን ለሁሉም ነገር ራሴን ነበር የምነቀንቀው።

ጠዋት መጡ። አሚኔ ጓዳ ገብታ ለአራሾቹ ምሳ ታሰናዳ ጀመር። እኔ በሩ ላይ እንደ ወትሮዬ ተቀመጥኩ። ሸረፋ ቢስሚላህ ብሎ ማረሻውን ከላይኛው ጫፍ ተከለ፣ ባልቻ ከፊት በሬዎቹን መራ። አንድ ትልም ወረዱ፣ ሌላ ትልም ወጡ። ጥሩ አራሽ ነው ወንድምህ፤ እጁ ቀጥ ያለ ነው። አፈሩ ሳያስቸግር ተገለበጠለት። ድሮ በሬ እስኪያለከልክ የሚታረስ መሬት እንደነበረ ረስቶታል መሰለኝ።

ከዚያ ሽታው መጣ። ስንት ዓመት ያልተነካ አፈር ሲገለበጥ የሚሸተው። እኔ ዝናብ ሲመጣ እንጂ በበጋ እንዲህ ሸትቶኝ አያውቅም። ከእንሰቱ ሥር ስቆፍር የሚሸተኝ ነው፣ ያው ነው። የተሰማኝን ልንገርህ፤ ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። ትንሽ ንዴት። አንድ ሰው ሳያስፈቅድ ሳጥኔን ከፍቶ ልብሴን ሲበትን እንዳየሁት ዓይነት። ትንሽም ብትሆን ግን አስነሳችኝ።

ኢዳ ላይ ነኝ፤ ቀን ነው፤ ወንዶች አሉ። ሁሉንም አውቃለሁ። ነጠላዬን ሳላስተካክል ግቢውን አቋርጬ ማሳው ውስጥ ገባሁ። አሚኔ ከኋላዬ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ።

«ጋሼ ሸረፋ፣ በሬዎቹን ይፍቱ» አልኩ።

ሰምቶ እንዳልሰማ ትልሙን ጨረሰ። ዞሮ ሲመለስ ግን ቆመ። ኢዳ ላይ ያለች ሴት እዚህ ምን አመጣት ብሎ የጠየቀው እኔን ሳይሆን ባልቻን ነው። ባልቻ መሬት መሬቱን አየ።

«ወንድሜን በቁሙ አላገዝኩትም» አለ ሸረፋ። «አሁን ላግዘው ብዬ ነው። ይህንንም ትከለክይኛለሽ?»

እንደዚያ ሲል ድምፁ ተሰበረ፣ ሙባሪክ። በቀብርህ ቀን አላለቀሰም ብለውኝ ነበር። እርቁን ይዞ ነው የመጣው፤ በሚያውቀው መንገድ፣ በበሬና በማረሻ። ይቀጥሉ ብል እሱ ያርፋል፣ እኔም ጠግቤ አድራለሁ፣ ያንተ ማሳ ግን በአንድ ቀን እንደ ሌላው ይሆናል። ያንተን ማሳ ላድን ብል ደግሞ ሰውየውን ባዶ እጁን ወደ ቤቱ መመለሴ ነው። ይህን ሁሉ ቆሜ አሰብኩት፤ ሲበዛ አንድ እስትንፋስ ነው።

«ይህ እሱን ማገዝ አይደለም» አልኩት።

«እኔ ካላረስኩልሽ ማን ያርስልሻል? ሴት በሬ አትጠምድ።»

«ይህ መሬት በሬ አይፈልግም። ራሴ እዘራዋለሁ።»

ከአፌ እስኪወጣ ድረስ እንደማስበው አላወቅኩም ነበር። ከወጣ በኋላ ግን እውነት ሆነ። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን በእኩል የምትሰጠው ስለማትችል አይደለም፤ አረም ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች። በሬ መጥመድ ብቻ ነው የወንድ የተባለው። አንተ ደግሞ በሬ የማይጠመድበት መሬት ትተህልኝ ሄድክ። አስበህበት ይሆን? አይመስለኝም። አንተ ሞትን የምታስብ ሰው አልነበርክም፤ ክረምት እንደሚመጣ እያወቅክ እንኳ ጣራ አትጠግንም ነበር። እንዲሁ ሆነ ልበል።

ቀድሞ ቀንበሩን የፈታው ባልቻ ነው። ሸረፋ በሬውን ነድቶ ሄደ። ምሳውን ሳይቀምሱ ሄዱ። ከሰው ማሳ ምሳ ሳይበላ የተመለሰ አራሽ በዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። አሚኔ ምሳውን ከድና፣ ምነው እቴ፣ ምነው ብላኝ ባሏን ተከትላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ሳምንታት ሙሉ አልመጣችም። ውሃ ራሴ ቀዳሁ። ለሂክማ ስልክ ደውዬ ስነግራት፣ «እማ፣ በልተሻል?» አለችኝ። እንዳልበላሁ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ነገሩን ለራሴ አልሸነገልኩትም። እንደዘራሁት ካልበቀለ፣ ወይም አረም ከዋጠው፣ የጎተራው እህል ከክረምቱ አያሻግረኝም። ያን ጊዜ በራሴ እግር ሸረፋ ደጅ ሄጄ፣ እርስዎ ይረሱት ልለው ነው። ቃሉንም አያጥፍም፤ ያርሰዋል። ከዚያ በኋላ ግን ማሳው ያንተም የኔም አይሆንም። ለሂክማም ይህንኑ ነገርኳት፤ አንድ ዓመት ብቻ ነው ያለን አልኳት።

ኢዳዬ ሲያልቅ ታጥቤ ልብሴን ቀየርኩ። ሴቶች መጡ፣ አንዳንዶቹ ሊያዩኝ፣ አንዳንዶቹ ሊሰሙኝ። አሚኔም ከመሀላቸው ነበረች፤ ስማኝ ተቀመጠች። በማግሥቱ ማሳው ውስጥ ገባሁ። ከላይኛው በኩል ያረሱት ቁራጭ ደርቆ ጓል ሆኗል። ከታች ያለውን ላሞቹ ረግጠውታል፣ በእጄ ስቆፍረው ግን ከውስጥ ገና እርጥብ ነው። ያሳመሩልኝን የጭድ ክምር አፈረስኩት። በሸክም በሸክም ወስጄ መልሼ ማሳው ላይ በተንኩት። ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ቆመው አዩኝ። ሐዘን አእምሮዋን ነካው ያለች አትጠፋም። ቢነካው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሁሉም ነገር ከሩቅ ሆኖብኝ እጄ ሲሠራ እንደ ሌላ ሰው እጅ ነበር የማየው። አጥሩንም መልሼ አጠርኩ፤ እሾሁ እጄን ሲወጋኝ ደሙን አይቼ ነው ያወቅኩት።

የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሩ ጣለ። የሾለው እንጨትህ ከጣራው ሥር እንደተሰካ ነበር፤ ቁመቱ ባንተ ልክ ስለሆነ በኔ ልክ አስቆረጥኩት። አውቃለሁ፣ ትናደዳለህ። ጭዱን ገለጥ፣ ወጋ፣ ፍሬውን ጣል፣ በእግር ደፈን፤ ከዚያ አንድ እርምጃ። አንተ ስትሠራው ቀላል ይመስል ነበር። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ግን ሄደ። በአንድ መስመር በቆሎ፣ በመሀሉ አደንጓሬ፣ ልክ እንዳየሁህ።

ትናንት ጠዋት ከታችኛው በኩል እየዘራሁ ቀና ስል ሸረፋ ከአጥሩ ውጪ ቆሟል። ስንት እንደቆየ አላውቅም። አሰላሙ ዐለይኩም አለኝ፣ መለስኩለት። በሬዎቹ ከተፈቱበት ቀን ወዲህ የተነጋገርነው ይኸው ነበር። ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሄደም። እንጨቱን አየ፣ እጄን አየ፣ የተበተነውን ጭድ አየ።

«በአንድ ጉድጓድ ስንት ፍሬ ነው የምትጥይው?» አለኝ።

«ሁለት።»

«ሁለት» አለ እሱም፣ ለራሱ እንደሚነግር ሰው። ከዚያም መንገዱን ቀጠለ።

ሙባሪክ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ወንድምህ ስለዚህ መሬት አንዲት ጥያቄ ጠይቆህ አያውቅም። ሰድቦሃል፣ ተቀይሞሃል፣ አኩርፎሃል፤ ጠይቆህ ግን አያውቅም። ደስ አለኝ። ደስታ መሆኑን ለማወቅ እንኳ ጥቂት ወሰደብኝ። ወዲያው ወደ ኋላዬ ዞርኩና፣ «ሰማኸው?» አልኩህ፣ ጮክ ብዬ። መስመሩን ይዘህ ከኋላዬ ያለህ መስሎኝ ነው። ከኋላዬ ጭዱ ነበር፣ የደፈንኳቸው ጉድጓዶችም ነበሩ።

ለኔ የሞትከው ትናንት ነው። በቀብርህ ቀን ሳይሆን፣ ኢዳ ላይ ሳይሆን፣ ትናንት ጠዋት ማሳው መሀል። እንጨቱን ጥዬ ጭዱ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ሰው ያየኝ አላየኝ ግድ አልሰጠኝም። አሚኔ ጩኸቴን ሰምታ መጣች፤ ዝም በይ አላለችኝም፣ አጠገቤ ቁጭ አለች። ሲወጣልኝ የቀረውን ዘር ከቀሚሴ ላይ ለቅማ ሰጠችኝ።

ከላይኛው በኩል፣ ያረሱት ጋ፣ ገና ያልዘራሁት ቀርቶኛል። ደመናው ከባድ ነው፤ ነገ ዝናቡ ሳይቀድመኝ ብነሳ እጨርሰዋለሁ። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ።

ሚስትህ ፈቲሀ
መስቃን